ጋራዤ ውስጥ ስላለችው ማሽን

የዛሬው ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

ቤቴ የመጣ ያገሬ ሰው ሁሉ ጋራዥ ገብቶ ያቺን ማሽን ሲያይ ሳይጠይቀኝ አይወጣም። አንዱ «የብርቱካን መጭመቂያ ናት እንዴ?» አለኝ። አንዷ ደግሞ የድሮ የቡና ማሽን መስላት ልትገዛኝ ዋጋ ጀምራ ነበር። አይፈረድባቸውም። ክንድ ከስንዝር የምትሆን፣ ረዘም ያለ እጀታ ያላት፣ አናቷ ላይ ሁለት ጠርሙስ የተደፋባት ብረት ናት። ሥራዋ ግን ሌላ ነው፤ የተተኮሰ የሾትጋን ቀለህ መልሳ ትሞላለች።

ሰሞኑን የእህቴ ልጅ ከመካነ ሰላም በኢሞ ደውሎ ስለሷ ጠየቀኝ። ጥያቄውን ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ። እሱን ከመመለሴ በፊት ግን ማሽኗ ምን እንደምትሠራና ምን እንደማትሠራ ማስረዳት ነበረብኝ፤ እግረ መንገዴን እዚህ ያላችሁት፣ በተለይ ተኩስ ሜዳ መሄድ የጀመራችሁ ልጆች፣ አሮጌ ማሽን ከጋራዥ ሴል ከማንሳታችሁ በፊት ብታነቡት ብዬ ነው።

ለማያውቅ፦ እዚህ ሚኒሶታ ሸክላ መተኮስ የሚባል ስፖርት አለ። ስሙ ነው እንጂ ሸክላ አይደለም፤ ከኖራ ድንጋይ ዱቄትና ከዝፍት የተጋገረ፣ ስፋቱ 11 ሳንቲሜትር የሚጠጋ ትንሽ ሳህን ነው። ማሽን ወደ ሰማይ ይወረውረዋል፣ አንተ ቢያንስ 16 ያርድ፣ ማለትም 14 ሜትር ተኩል ከሚሆን ርቀት ከኋላው ቆመህ ትመታዋለህ። አንድ ዙር 25 ሳህን ነው፤ የጥይቱም ካርቶን 25 ፍሬ ይይዛል። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሳይቀሩ በትምህርት ቤታቸው ስም ይወዳደራሉ፤ በየዓመቱ ሰኔ ላይ አሌክሳንድሪያ በምትባል ከተማ በሺህ የሚቆጠሩ ልጆች ይሰበሰባሉ። መጀመሪያ ሳየው «ይሄ ሁሉ ልጅ ጠመንጃ ይዞ አንድ ሰው እንኳ አይጮህም?» ብዬ ገርሞኛል። ጠመንጃው ሁሉ አፉን ከፍቶ ነው የሚሄደው። ተራህ ደርሶ መስመሩ ላይ ካልቆምክ ጥይት አታጎርስም።

አሁን የሚጠበቀው ጥያቄ «መሙላቱ ያተርፋል ወይ?» ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ባለ 12ቱን ጥይት የምትተኩሱ ከሆነ ብዙም አያተርፍም። ፋብሪካዎቹ በገፍ ስለሚያመርቱት ርካሽ ነው፤ ከ2020 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ደግሞ ፕራይመሩም ባሩዱም ጠፍቶና ተወዶ ከርሟል። ባለ 28 ወይም 410 የሚባለውን ቀጭኑን ለሚተኩስ ግን ልዩነቱ ኪስ ውስጥ ይታወቃል፤ የተሞላው ጥይት ውድ ነው፣ ውስጡ የሚገባው እርሳስና ባሩድ ግን ትንሽ ነው። ማሽን ገዝቶ ገንዘብ አጠራቅማለሁ የሚል ባለ 12 ተኳሽ ካለ መጀመሪያ ሂሳቡን በወረቀት ይሥራ።

እኔ ባለ 12ም እተኩሳለሁ፤ እሱንም እሞላለሁ። ምክንያቱ ገንዘብ አይደለም። ቦረና ያደገ ሰው ቀለህ መሬት ላይ ጥሎ መሄድ አይሆንለትም።

አያቴ ኩሏን የምታስቀምጠው በውጅግራ ቀለህ ነበር፤ አፉን በእንጨት ውታፍ ደፍናው። እኛ ልጆቹ ደግሞ እናፏጭበት ነበር። በነገራችን ላይ ውጅግራ የሚለው ስም ጅግራ ስለሚታደንበት የወጣለት ነበር የሚመስለኝ። ለካ ፈረንሳዮቹ «ፉዚ ግራ» የሚሉት ነው! የ1874 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል፣ 11 ሚሊሜትር፣ ዐድዋም የዘመተ ጠመንጃ። ቀለሁ ወፍራም የነሐስ ስለሆነ ከተተኮሰ በኋላ ተለቅሞ ይመለሳል፤ ባሩዱም ያኔ ጥቁሩ፣ አገር ቤት የሚወቀጠው ባሩድ ነበር። አያቴ አባባ (ነፍሳቸውን ይማር) እንደሚሉት፣ በሳቸው አባት ጊዜ ጥይት የገዛ ሰው መጀመሪያ ጆሮው ላይ ይነቀንቃታል። ውስጧ አመድ ይሁን ባሩድ በድምፅ ለመለየት ነው። ጥይት ያኔ ገንዘብም ነበረች፤ ገበያ ላይ ከማርትሬዛና ከአሞሌ ጨው ጋር እንደ ዝርዝር ትሠራ ነበር። ገንዘብ በሆነ ነገር ላይ ደግሞ አጭበርባሪ አይጠፋም።

ባሩድ፣ እርሳስና ማቀጣጠያ በአንድ ቀለህ መግባታቸው ምን ያህል ነገር እንደለወጠ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከእኛ ወደ ሰሜን ምሥራቅ መቅደላ ሥር፣ አሮጌ ሜዳ ላይ፣ ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. የዓፄ ቴዎድሮስ ሰው ባሩዱን ካፈሙዝ ከትቶ፣ እርሳሱን ጠቅጥቆ ሲተኩስ፣ እንግሊዞቹ ከኋላ የሚጎርስ ስናይደር ይዘው ነበር የመጡት። አንዱ እስኪጠቀጥቅ ሌላው ደጋግሞ ይተኩሳል። የኛ ሰው በመቶዎች ወደቀ፤ ከነሱ የሞተው በጣት የሚቆጠር ነው። ንጉሡ ራሳቸው ከሦስት ቀን በኋላ አለፉ። ይህን የሚያውቅ አገር ቀለህ ቢያከብር ምን ይገርማል?

ወደ ማሽኗ ልመለስ።

ያገለገለ ማሽን አመራረጥ የተማርኩት ከአሜሪካኖች አይደለም። መካነ ሰላም በረንዳ ላይ ሲንጀር ዘርግተው የሚሰፉ አንድ ሰው ነበሩ። አንድ ጊዜ ደሴ ድረስ ወርደው ያገለገለ ማሽን ሲገዙ እኔን ዕቃ ተሸካሚ አድርገው አስከትለውኝ ነበር። ሻጩ ስለ ቀለሙ፣ ስለ ወርቃማ ጽሕፈቱ ያወራል፤ እሳቸው ዝም። ክርም መርፌም ሳያስገቡ መሽከርከሪያውን በእጃቸው በጣም ቀስ አድርገው አንድ ዙር ያዞሩታል። የሚይዝ ቦታ አለ ወይ? የሚለቅ ቦታ አለ ወይ? ከዚያ ያንን ቦታ ብቻ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይመላልሱታል። «ቀለሙን ተወው ልጄ፤ የሚሸጥ ሰው መቀባት አያቅተውም» ይሉኝ ነበር። ሦስት ማሽን እንዲህ ነካክተው አራተኛውን፣ ቀለሙ የረገፈውን ገዙ።

የጥይት መሙያም ከዚህ አይለይም። ባዶዋን፣ ያለ ባሩድና ያለ ፕራይመር፣ እጀታዋን በዝግታ ወደ ታች ሳቡ። ቋሚ ምሰሶዋ ቀጥ ያለ ነው? ከላይ ያለው ተሸካሚ ሲወርድ ወደ ጎን ይወዛወዛል? እጀታውን ከምሰሶው የሚያገናኙት ብሎኖች ያሉባቸውን ቀዳዳዎች እዩ፤ ክብ መሆናቸው ቀርቶ እንደ እንቁላል ከሞለሉ ብዙ ሺህ ጥይት ወጥቶባታል ማለት ነው። ያ ብቻውን ለመተው በቂ አይደለም፤ ብሎንና ማያያዣ ይቀየራል። ምሰሶው ከተጣመመ ግን ስጦታም ቢሆን አትውሰዱ፤ የጥይቱ አፍ አንድም ቀን እኩል አይታጠፍላችሁም። ዝገት ላይ ላዩን ከሆነ በዘይትና በብረት ሱፍ ይለቃል። ግራሶ ተጋግሮ ቢጠቁር እንዲያውም ደስ ይበላችሁ፤ ባለቤቷ ግራሶ ይቀባት ነበር ማለት ነው።

እኔ ያለችኝ ሜክ 600 ጁኒየር የምትባለዋ ናት፤ ዊስከንሰን ውስጥ ሜይቪል የምትባል ከተማ ያለ ኩባንያ ነው የሚሠራት። ጋራዥ ሴል ላይ ከሁሉ በላይ የምታገኙት እሷን ነው፤ መለዋወጫዋም ዛሬም ይገኛል። አንዷን ቀለህ በአምስት ቦታ ታዞራላችሁ፦ መጀመሪያ ያበጠው ቀለህ ወደ ልኩ ይመለሳል፣ የተቃጠለው ፕራይመርም ተገፍቶ ይወጣል፤ ሁለተኛው ላይ አዲስ ፕራይመር ይገባል፤ ሦስተኛው ላይ ባሩድ፣ ከላዩ የፕላስቲክ ውታፍ፣ ከዚያ ከዳጉሳ ፍሬ ተለቅ የምትል የእርሳስ ጠጠር፤ አራተኛው አፉን ማጠፍ ይጀምራል፤ አምስተኛው ይደፍነዋል። አንድ በአንድ ስለሆነ ዘገምተኛ ናት። ለጀማሪ የምመክረውም ለዚሁ ነው፤ እያንዳንዱን እርምጃ በዓይናችሁ ታያላችሁ።

አንድ ጊዜ እጀታ ሲሳብ ሁሉንም ቦታ ባንዴ የሚሠሩ ፈጣን ማሽኖችም አሉ፤ ከዚያው ኩባንያ ግራበርና 9000 የሚባሉት። አዲስ ሆነው ከመመሪያቸው ጋር ሲገዙ ደህና ናቸው። ያገለገሉትን ግን ጀማሪ ባይነካቸው ነው የኔ ሐሳብ። የቀድሞው ባለቤት የትኛውን ብሎን በምን ምክንያት እንዳዞረ አታውቁም፤ በዚያ ላይ አንዷ ቀለህ ባሩድ ሳይገባባት ብታልፍ ሳታዩዋት ትደፈናለች። ሊ ሎድ-ኦል የምትባለዋ ርካሽና ቀላል ናት፣ ፕላስቲክ ይበዛባታል፤ በወር ሁለት ሦስት ካርቶን ለሚሞላ ትበቃለች። ፖንስነስ ዋረን ከባድና ውድ ነው፤ ቀለሁ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ወፍራም የብረት ቀለበት ውስጥ ሆኖ ስለሚሠራ ውጤቱ ያምራል። ቴክሳንና ፓሲፊክ የሚል ስም ያለባቸውን አሮጌዎች እንደ ቅርስ ውደዷቸው እንጂ አትግዟቸው። ምናለሽ ተራ ቅርባችሁ ቢሆን የተሰበረውን ቀጥቅጠው ይሠሩላችሁ ነበር፤ እዚህ ግን መለዋወጫ ፍለጋ ስትንከራተቱ ክረምቱ ያልቃል።

አሁን ዋናው ነገር። ብረቱን ማንም ያየዋል፤ ሰው የሚጎዳው ልኩ ነው።

ከሁለቱ ጠርሙሶች ሥር ወዲያና ወዲህ የሚገፋ አግዳሚ ብረት አለ፤ ቻርጅ ባር ይሉታል። ወደ አንዱ ወገን ሲገፋ ባሩድ ይጥላል፣ ወደ ሌላው እርሳስ። የእርሳሱ ቀዳዳ በፋብሪካ ልኩ ተቆርጦ የተሠራ ነው። ባሩዱ ግን ቡሽንግ በምትባል፣ ቁጥር በተጻፈባት ትንሽ ቀለበት ነው የሚለካው፤ ቀለበቷን ስትቀይሩ መጠኑ ይቀየራል። ያገለገለ ማሽን ስትገዙ ይህቺን ቀለበት አውጡና ውስጧን በደንብ እዩ። ትንሽ እንዲጨምርለት ብሎ በድሪል የቦረቦረ ሰው አይጠፋም፤ ቁጥሩ ግን እንደነበረ ተጽፎ ይኖራል። ዙሪያዋን የምትይዘው የጎማ ማኅተምም መኖሯን አረጋግጡ፤ ከሌለች ባሩድ ይፈሳል።

ቁጥሩ ትክክል ቢሆን እንኳ አትመኑት። ሚዛን ግዙ። ማሽኗን እንደምትሠሩበት አድርጋችሁ፣ በዚያው ፍጥነት እያንቀሳቀሳችሁ አሥር ጊዜ ጣሉና መዝኑት፤ ዝም ብላ ቆማ የምትጥለውና ስትንቀጠቀጥ የምትጥለው አንድ አይደለም።

ሚዛኑ ላይ ደግሞ ለኛ ሰው የተለየ አደጋ አለ። እዚህ ባሩድ የሚለካው በግሬን ነው፤ ግራም አይደለም። አንድ ግራም ከ15 ግሬን በላይ ነው። ሁለቱን ስሞች በአማርኛ አፍ ስንጠራቸው ይቀራረባሉ፤ ዲጂታል ሚዛኑ ደግሞ በአንዲት ቁልፍ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘላል። ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት መስኮቱ ላይ የትኛው እንደተጻፈ እዩ። በየቀኑ እዩ።

ምን ያህል ባሩድ እንደሚገባ እዚህ አልጽፍም። ማንም በቃል ቢነግራችሁም አትቀበሉ፤ እኔም ብሆን። የባሩዱ ፋብሪካ የሚያወጣው ሰንጠረዥ አለ። እዚያ ላይ ቀለሁ፣ ፕራይመሩ፣ ባሩዱ፣ ውታፉና እርሳሱ በስማቸው አብረው ነው የተጻፉት። አንዱን በሌላ ከቀየራችሁ ያ መስመር የናንተ ጥይት መሆኑ ቀርቷል። ሽሮ ሲያልቅ ምስር እንደመሥራት አይደለም።

ማሽኗን ስትገዙ ጠርሙሷ ውስጥ ባሩድ ተርፎ ታገኙ ይሆናል። ሻጩ «ይሄንንም ጨምሬልሃለሁ» ይላችኋል። ምርቃት ነው ብላችሁ እንዳትሞሉት። ባሩድ እንደ በርበሬ በዓይንና በአፍንጫ አይለይም። ሬድ ዶት የሚባለው ቀይ ቅንጣት ጣል ጣል ያለበት ስለሆነ የሚያውቁት ይመስላቸዋል፤ ግን ከምን ጋር እንደተቀላቀለ ማን ያውቃል? ፈጣንና ዘገምተኛ ባሩድ በመልክ ሊመሳሰሉ ይችላሉ፤ ልዩነታቸውን የምታውቁት ጉንጫችሁ አጠገብ ባለው ብረት ነው።

ሲጎድልም እንዲሁ ነው። ባለፈው ዓመት አጠገቤ ከቆሙት አንዱ ሲተኩሱ ድምፁ «ቧ!» ማለቱ ቀርቶ «ፑፍ» አለ፤ ሳህኑም ሳይመታ ሄደ። እኛ አገር ቢሆን «ከሸፈ» ብሎ ሌላ ያጎርሳል። ሰውዬው ሰባዎቹ ውስጥ ያሉ ናቸው፤ እጃቸውን አነሱ፣ መስመሩ በሙሉ ቆመ፣ ጠመንጃቸውን ከፍተው በአፈሙዙ ወደ ሰማይ አዩበት። ሰማይ አልታየም። ውታፉ መሃል ላይ ተሰንቅሯል። ባሩዱ ጎድሎ ውታፉን ገፍቶ ማውጣት አቅቶታል። በዚያ ላይ ሁለተኛ ጥይት ቢከተል አፈሙዙ ይሰነጠቃል፤ አፈሙዙን የደገፈው ግራ እጃቸው ደግሞ እዚያው ነው። በዘንግ ገፍተው አወጡት፣ የቀረውን ካርቶን መኪናቸው ውስጥ አስቀመጡና የኔን ጥይት ለመኑኝ። እኔም የፋብሪካውን ሰጠኋቸው።

ስለ እርሳሱም አንድ ነገር ልበል፤ ልጆች ስላሏችሁ። እርሳስ መርዝ ነው። ዱቄቱ እጅ ላይ፣ ልብስ ላይ፣ ምንጣፍ ላይ ይቀራል፤ ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ደግሞ እየዳኸ እጁን አፉ የሚከተውን ሕፃን ነው። ማሽኗ ወጥ ቤትም ሳሎንም አትገባም። ስትሠሩ አትብሉ፣ ቡና አትጠጡ፣ ሲጋራማ ከባሩዱ ጋር ጨርሶ አይታሰብም። ስትጨርሱ በሳሙና ታጠቡ፣ ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ። ፕራይመሩ በመጣበት ዕቃ ውስጥ ይቆይ፤ ጠርሙስ ውስጥ አጠራቅሞ ማስቀመጥ ባንዴ እንዲፈነዳ ማዘጋጀት ነው። መነጽርም አድርጉ።

አሁን ወደ እህቴ ልጅ ጥያቄ።

«ጋሼ፣ ያቺን ማሽን ብትልክልን'ኮ እዚህ ጥይት በፍሬ ነው የሚሸጠው። ባዶው ቀለህ ደግሞ ሞልቷል» አለኝ። ልጁ ተንኮል የለበትም፤ ሥራ የፈታ፣ እጁ ብልህ የሆነ ወጣት ነው። እኛ ቤት ማሽን ማለት እንጀራ ነው፤ የልብስ ሰፊው ሲንጀር ስንት ልጅ እንዳስተማረች እሱም ያውቃል።

በመጀመሪያ ማሽኗ የሚያስበውን እንደማትሠራ ነገርኩት። የሾትጋን ቀለህ ፕላስቲክ ነው፣ አፉ ታጥፎ ነው የሚዘጋው፣ ውስጡ የሚፈጠረው ግፊትም ከጦር ጠመንጃ ግፊት በጣም ያንሳል። የክላሽ ቀለህ አይገባባትም፤ ብታስገድዳትም ማሽኗም ቀለሁም ይበላሻል። ትንሽ ዝም አለና «ሌላ ዓይነት የለም?» አለኝ። ይሄ ዝምታ ነው ያሳሰበኝ።

ሁለተኛ፣ ሕጉ አለ። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያና ጥይት ማምረትን፣ ማስገባትንና መሸጥን ይከለክላል። ከዚህ በኩልም የጥይት ዕቃ ወደ ውጭ መላክ ቁጥጥር አለበት፤ ሻንጣ ውስጥ ልብስ መሃል የሚከተት ነገር አይደለም። ይህን ስነግረው «ሕጉን ተወው ጋሼ፣ ማን ያያል» ሊለኝ እንደሆነ ስለገባኝ ሌላውን ነገርኩት።

እዚህ ስሞላ ሰንጠረዡ ከፊቴ ነው፤ ባሩዱ የፋብሪካ ስሙን ይዞ በታሸገ ጣሳ ይመጣል፤ ሚዛኔን የማረጋግጥበት መመዘኛ ድንጋይ አለኝ፤ የሞላሁትን የምተኩሰውም እኔው ነኝ። እዚያ ይህ ሁሉ በሌለበት የሚሞላውን ጥይት የሚተኩሰው ደግሞ ሌላ ሰው ነው። ሸጠህለት ሄደሃል። ወይ አፈሙዙ ፊቱ ላይ ይፈነዳል፣ ወይ ጥይቱ በደንብ ይሠራል። አሁን ባለው ጊዜ በደንብ የሠራው ጥይት ማን ደረት ላይ እንደሚያርፍ አንተም እኔም አናውቅም፤ የምናውቀው ሰው ሊሆን ይችላል አልኩት። ሠፈራችን ውስጥ ባንድ ዓመት ስንት ድንኳን እንደተተከለ እሱ ነው የነገረኝ።

አልላክሁም፤ አልልክምም። ተኮራርፈን ሁለት ሳምንት ቆየን። ከዚያ ራሱ ደወለ። የልብስ ሰፊው አሮጌ ሲንጀር፣ ያ ቀለሙ የረገፈው፣ ባለቤቱ ካለፉ ወዲህ ልጆቻቸው ጓዳ ጥለውት እንደሚሸጡት ሰምቶ ሊገዛ አስቧል። «እንዴት ልየው?» አለኝ። ክርና መርፌ ሳታስገባ በእጅህ ቀስ አድርገህ አዙረው፣ የሚይዝ ቦታ ካለ ቪዲዮ አንሥተህ ላክልኝ አልኩት። ትናንት ላከልኝ፤ መሽከርከሪያው አንድ ቦታ ላይ ትንሽ ያዝ ያደርጋል። በቪዲዮው ከሥር ያለው ጥርስ ላይ የተጠመጠመ አሮጌ ክር ይመስለኛል፤ ፈትቶ እንዲያየው ነግሬዋለሁ። ሲንጀር የምታውቁ ካላችሁ ሌላ ምን ሊሆን እንደሚችል ጻፉልኝ።

ሚኒሶታ ላላችሁ ደግሞ፦ ከማሽኗ ጋር አብረው የመጡ የባለ 20 መቀየሪያ ዕቃዎች ትርፍ አሉኝ፤ የ600 ጁኒየር ናቸው። የፕራይመር ማስገቢያው ስፕሪንግ ደክሟል፣ እሱን አዲስ መግዛት ያስፈልጋል። በነጻ ነው የምሰጠው። ሚዛን ያለው ብቻ ይምጣ።